የጣና ነጭ ዓሣ ዘር እንዳይጠፋ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ የፍልሰታ ጾም በተፈታ በሦስተኛው ቀን፥ አንድ ወዳጃችን ከባሕር ዳር ሲመጣ በበረዶ የታሸገ የጣና ዓሣ ለቤታችን ይዞልን መጣ። ወጥ ቤቷም ከሁሉ የሚበልጠውን አንሥታ ቅርፊቱን ከፋቀች በኋላ ሆዱን ብትሰነጥቀው፥ የማሽላ ፍሬ የመሰለ ቢጫ እንቁላል ከውስጡ እየፈሰሰ ሣህኑን ሞላው። የዘጠኝ ዓመት ልጃችን በአጠገቧ ቆማ ታይ ነበርና ወደ እኛ መጥታ፥ «አባባ፥ ይህ ሁሉ ዓሣ ይሆን ነበርን?» ብላ ጠየቀችን። እኛም፥ «አዎን ልጄ፥ ሁሉም ባይሆን ጥቂቱ ይሆን ነበር» ብለን መለስንላት። «ታዲያ ከመውለዷ በፊት ለምን ያዟት?» ባለችን ጊዜ ግን የምንመልሰው አጣን። ዕድሜአችን ከአርባ ዓመት አልፎ፥ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ዳዊት ደግመን፥ በሚሲዮን ትምህርት ቤትም ስለ እንስሳት ጠባይ ተምረን ሳለ፥ የምንበላው ዓሣ በየትኛው ወር እንደሚወልድ ከቶ አስበን አናውቅም ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን ከሚያውቁ ሰዎች እየጠየቅን፥ የተጻፈውንም እየመረመርን ቆየን። ያገኘነውም ቤተ ሰብ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ስለ ሆነ ለተከበሩት አንባቢዎቻችን በዚህ ገጽ ልናቀርበው ወደድን።

ጣና በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ የሚሰፋ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሲሆን ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አያልፍም። ዐባይ ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ በጢስ ዐባይ 40 ሜትር ከሚሆን ገደል ይወርዳል። ይህ ፏፏቴ ለጎብኚ ዓይን ደስታ ነው፤ ለዓሣ ግን የተዘጋ በር ነው። ከታች ያለ ዓሣ ወደ ላይ ሊወጣ አይችልምና፥ በጣና ውስጥ ያሉት ዓሦች እጅግ ብዙ ዘመን ለብቻቸው ተዘግተው ኖሩ።

በባሕር ዳርና በጎርጎራ ገበያ የሚታወቁት ዓሦች በብዛት ሦስት ወገን ናቸው፤ እነርሱም ቀረሶ፥ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። ቀረሶና አምባዛ በሌላም የአፍሪቃ ውኃ ይገኛሉ። ነጭ ዓሣ የሚባለው ግን፥ ገበያተኛው በአንድ ስም ቢጠራውም፥ አንድ ዓይነት ዓሣ አይደለም። የዓሣ ሊቃውንት ከንፈሩን፥ ራሱን፥ የሰውነቱን ቁመትና የሚበላውን ምግብ መርምረው ከ15 የማያንሱ ዓይነቶች ለይተዋል፤ ከነዚህም የሚበዙት ከጣና በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኙም። አንዱ በታች ያለውን ጭቃ እየቆፈረ ይበላል፤ ሌላው በውኃው ላይ የሚንሳፈፈውን ጥቃቅን ሕይወት ይለቅማል፤ ስምንቱ ደግሞ ሌሎችን ዓሦች እያሳደዱ ይውጣሉ። ይህ የመጨረሻው ሊቃውንቱን አብዝቶ አስደንቋቸዋል፤ ምክንያቱም የነጭ ዓሣ ወገን በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው፥ ጥርሱ በጉሮሮው ውስጥ ብቻ የተተከለ ነውና፥ እንዲህ ያለው ዓሣ አዳኝ ይሆናል ብሎ የሚገምት አልነበረም። ኤድዋርድ ሩፐል የተባለው ጀርመናዊ ተጓዥ ወደ ጐንደር መጥቶ ከተመለሰ በኋላ፥ ከነዚህ ዓሦች አንዳንዶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1830ዎቹ ለዓለም በጽሑፍ አስታውቋል። ዝምድናቸውና አኗኗራቸው በሚገባ የተመረመረው ግን በ1980ዎቹ የኢትዮጵያ ዓመታት ነው።

አሁን የልጃችንን ጥያቄ ወደሚመልሰው ነገር እንምጣ። ቀረሶ እዚያው በሐይቁ ዳር ይራባል፤ እንቁላሉንና ጫጩቱንም እናቲቱ በአፏ ይዛ ትጠብቃለች፤ ስለዚህ ጉዳት ቢደርስበት ቶሎ ያገግማል። ከነጭ ዓሣ ወገን ግን ብዙዎቹ በሐይቁ ውስጥ አይወልዱም። ክረምት ሲገባ፥ ከሐምሌ ጀምሮ፥ ወንዞች ወደ ሐይቁ በሚገቡበት አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ጉማራ፥ ርብ፥ መገጭ፥ ግልገል ዐባይ፥ ድርማ፥ አርኖ ጋርኖ፥ እነዚህ ሁሉ በሮቻቸው ናቸው። የወንዙ ውኃ ሲሞላ ወደ ላይ ይጓዛሉ፤ ትልቁን ወንዝ ትተውም ጥልቀት ወደሌላቸው፥ ፈጣንና ጠጠር ወዳላቸው ገባር ወንዞች ይገባሉ። ለምሳሌ ወደ ጉማራ የሚወጡት ዓሦች ዱካሊትና ክዘን ወደሚባሉት ትናንሽ ወንዞች ይደርሳሉ። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ሆኖ ንጹሕ ውኃ ሳያቋርጥ እያለፈበት ካልታጠበ ይታፈናል፤ ጭቃ ከሸፈነው ይሞታል። የተፈለፈለውም ጫጩት በገባር ወንዙ ኩሬ ውስጥ ጥቂት አድጎ ወደ ሐይቁ ይወርዳል።

እንግዲህ አንባቢ ይመልከት! ዓመቱን ሙሉ በሰፊው ሐይቅ ተበትኖ የሚኖር ዓሣ፥ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፥ አንድ ሰው መረቡን ከዳር እስከ ዳር ሊዘረጋበት በሚችል ጠባብ በር ያልፋል። ያን ጊዜም እናቶቹ ሁሉ እንቁላል ተሸክመዋል። በቤታችን ሣህን ላይ የፈሰሰው ይህ ነበር።

በጥንት ዘመን ይህ አያሠጋም ነበር። የነገደ ወይጦ ሰዎችና ሌሎቹ የዳር ነዋሪዎች በደንገል ታንኳ ሆነው ከሐይቁ ጠርዝ ሳይርቁ ያጠምዱ ነበርና፥ የሚይዙት ለቤታቸውና ለቅርብ ገበያ የሚበቃ ብቻ ነበር። በ1978 ዓ/ም ገደማ ከሆላንድ አገር በመጣ ርዳታ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገባ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ የዳር ነዋሪው ችግረኛ ነበርና። ዓሣውም ወደ አዲስ አበባ መላክ ጀመረ። ነገር ግን በበጋ በሐይቁ ላይ የሚዘረጋው መረብ በክረምት ወደ ወንዝ አፍ መጣ። ከ1983 እስከ 1993 ዓ/ም ባለው ጊዜ የሆላንድና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች እየመዘኑ በጻፉት መሠረት፥ በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል የነጭ ዓሣ ብዛት ከመቶው 75 ያህል ቀነሰ። የግልገሎቹ መቀነስ ደግሞ ከዚህም የባሰ ሆነ። የግልገል መጥፋት ከሁሉ የሚያስፈራ ምልክት ነው፤ ያረጁት ሲሞቱ የሚተካቸው የለምና።

ሌላው ጠላት ብርብራ ነው። የብርብራ ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ በውኃ ላይ ሲበተን ዓሣን ትንፋሽ አሳጥቶ ያንሳፍፋል፤ በውስጡ ያለውን መርዝ የኬሚስትሪ ሰዎች ሮቴኖን ይሉታል። ትልቁንም ትንሹንም፥ የሚበላውንም የማይበላውንም አይለይም።

እኛ በፍርድ ቤት የምንሠራ ጸሓፊ ስለ ሆንን፥ አንድ ጊዜ በዚህ ነገር የተከሰሰ ጐልማሳ ቃሉን ሲሰጥ በእጃችን ጽፈናል። ብርብራ ወቅጦ በገባር ወንዝ ላይ በትኗል ተብሎ ነበር የቀረበው። ዳኛው፥ «ሕግ መከልከሉን ታውቅ ነበርን?» ብለው ጠየቁት። እርሱም፥ «ጌታዬ፥ ሰምቻለሁ። መሬት ግን የለኝም፤ ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ክረምት ሲገባ የቀን ሥራ አይገኝም። ዓሣው ደግሞ በደጄ ያልፋል» አለ። ዳኛውም ቅጣቱን አቅልለው ፈረዱበት። እኛ ያን ጊዜ ቃሉን ከመጻፍ በቀር ብዙም አላሰብንበትም፤ አሁን ግን «በደጄ ያልፋል» ያለው ቃል ከጆሯችን አልወጣም። ዓሣው የሚያልፈው በብዙ ሰው ደጅ ነው፤ ከነርሱም የሚበዙት በነሐሴ ወር ጎተራቸው ባዶ ነው።

ስለ ሕጉ ከተነሣ፥ የፌዴራሉ መንግሥት በ1995 ዓ/ም የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅን በቍጥር 315 አውጥቷል፤ የአማራ ክልልም የራሱን አዋጅ አስከትሏል። ጣና በ2007 ዓ/ም በዩኔስኮ የሕይወት ከባቢ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ስለዚህ ወረቀት አልጎደለም ለማለት እንችላለን። የጎደለው በሌሊት፥ በዝናብ፥ በጭቃ መካከል በወንዝ አፍ ላይ የሚቆም ሰው ነው። ነጭ ዓሣ የሚጓዘው በሌሊት ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ፥ ራሳችንን ጨምረን እንናገራለን፥ በሌሊት ይተኛል።

ከዚያ በኋላ በጥቅምት ወር ለሥራ ጉዳይ ከባሕር ዳር ወደ ጐንደር በሚወስደው መንገድ ስንሄድ፥ ሐሙሲትን አልፈን የጉማራ ድልድይ ላይ ከመኪና ወርደን ጥቂት ቆምን። ውኃው ገና ቡና የመሰለ ደፍራሻ ነበር። በዳሩ ላይ መረብ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አግኝተን፥ «እንደምን ዋሉ አባቴ» ብለን ሰላምታ ሰጠናቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፥ እንደምን ዋሉ ጌታዬ» ብለው ከአጠገባቸው ድንጋይ አመለከቱን፤ ተቀመጥን።

ስለ ነጭ ዓሣ ስንጠይቃቸው ሳቅ አሉ። «በልጅነታችን በነሐሴ ሌሊት ወንዙን ስንሻገር ዓሣው እግራችንን ይመታን ነበር። አሁን መረቡን አድረው ቢያወጡት ሦስት ወይም አራት ነው» አሉን። «ማን አጠፋው ይላሉ?» ብንላቸው፥ መረባቸውን እያዩ ዝም ብለው ቆዩና፥ «እኔም አለሁበት» አሉ። ቀጥለውም እንዲህ አሉ፤ «እኔ ብተው ጎረቤቴ ይይዘዋል። ጎረቤቴ ቢተው ከሌላ ቀበሌ የሚመጣ አለ። ሁላችን በአንድ ቀን ብንተው እኔ መጀመሪያ እተዋለሁ።» ከዳኛም ከሊቅም አፍ ብዙ ቃል ሰምተናል፤ የነገሩን ሥር እንዲህ ባጭሩ የነገረን ግን አላጋጠመንም።

ሽማግሌው ከመረብ ሌላ ብዙ ምክንያት ቈጠሩልን፤ እኛም ኋላ ከጽሑፍ ስናነጻጽረው አብዛኛው እውነት ሆኖ አገኘነው። ለቤት ሥራ አሸዋና ጠጠር ከገባር ወንዞቹ እየተጫነ ይሄዳል፤ ያ ጠጠር የዓሣው አልጋ መሆኑን የሚያስብ የለም። ተራራው ስለ ታረሰ አፈሩ እየታጠበ ጠጠሩን ይሸፍነዋል። በፎገራ ሜዳ የሩዝና የአትክልት እርሻ ስለ በዛ በበጋ ወንዙ በሞተር እየተጠለፈ ይደርቃል፤ ያልወረዱት ግልገሎች በኩሬ ተይዘው ይቀራሉ። በሐይቁ ዳር ያለው ደንገልና ረግረግ፥ ግልገሎች የሚሸሸጉበት፥ ውኃው በሸሸ ቍጥር እየታረሰ ነው። ከ2004 ዓ/ም ገደማ ጀምሮም እንቦጭ የተባለው መጤ አረም በሰሜንና በምሥራቅ ዳር ተንሰራፍቶ የወንዞቹን አፍ ሳይቀር ይሸፍናል። በርብና በቆጋ ወንዞች ላይ ለመስኖ ግድብ ተሠርቷል። ግድብ ገበሬውን ይጠቅማልና አንነቅፈውም። ነገር ግን ወንዝ የሚገድብ መሐንዲስ ዓሣው በየትኛው ወር ወደየት እንደሚወጣ ሳይጠይቅ እንዳይጀምር፥ የሚለቀቀውም ውኃ በክረምት ለጕዞው እንዲበቃ ማድረግ ይገባዋል እንላለን።

ቸል ብንል የሚሆነውን ለማወቅ ሩቅ መገመት አያስፈልግም። በፊሊፒን ደሴቶች ላናኦ የሚባል ሐይቅ አለ። በዚያም እንደ ጣና የዚሁ ወገን የሆኑ፥ ከዚያ ሐይቅ በቀር የትም የማይገኙ ብዙ ዓይነት ዓሦች ይኖሩ ነበር። ሰዎች ከሌላ ቦታ ዓሣ አምጥተው ጨመሩበት፤ ያለ መጠንም አጠመዱ። በታኅሣሥ 2013 ዓ/ም የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር መዝገቡን ሲያሳውቅ፥ ከላናኦና ከመፍሰሻው ዓሦች 15ቱ ፈጽመው ጠፍተዋል ብሎ ጻፈ። ስለዚህ አንዳንድ ሰዎች «ነጭ ዓሣው ካነሰ በፍጥነት የሚያድግ የውጭ ዓሣ እንጨምር» ሲሉ ስንሰማ ያስደነግጠናል።

በአንጻሩም በአውሮፓ የራይን ወንዝ ሳልሞን የሚባለው ዓሣ በግድብና በፋብሪካ ቆሻሻ ምክንያት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ ጠፍቶ ነበር። በ1986 በባዝል ከተማ አጠገብ የኬሚካል መጋዘን ተቃጥሎ መርዙ ወንዙን ካበላሸው በኋላ፥ ወንዙን የሚካፈሉት መንግሥታት በ1987 ተስማምተው ውኃውን ማንጻት፥ በግድቦቹም ጎን ዓሣ የሚወጣበት ደረጃ መሥራት ጀመሩ። ሳልሞኑም በጥቂቱ ይመለስ ጀመር። ነገር ግን የራይን የራሱ ዘር ስለ ጠፋ፥ ግልገል ከሌሎች ወንዞች ማምጣት ግድ ሆነባቸው። ጣናን የሚመስል ሌላ ሐይቅ የለንም፤ የጣና ነጭ ዓሣ ቢጠፋ የምንለምንበት ደጅ የለም።

የጣናው ሐኪምነት ከራይን ይልቅ ቀላል ነው፤ ዘሩ ገና አለ፥ መንገዱንም ያውቃል። የሚያሻው በሚወጣበት ጊዜ ማሳለፍ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የወንዝ አፎችን ከመረብ ነጻ ማድረግ፥ ቢያንስ እንደ ጉማራ ያለውን ዋና ወንዝ ከአፉ እስከ ገባሮቹ ጠጠር ድረስ ማስከበር፥ አሸዋ የሚጫንበትን ቦታ ዓሣው ከሚወልድበት ለይቶ መወሰን ይበቃል ባይባልም ብዙውን ያስገኛል። እንቁላሉን በሰው እጅ አስፈልፍሎ ግልገሉን ወደ ወንዝ መልቀቅ የሚባልም ብልሃት አለ። እኛ ይህን አንቃወምም፤ ግን ወላጆቹ ከየትኛው ወንዝ እንደ ተያዙ ሳይለዩ ዘርን ከዘር መቀላቀል እንዳይመጣ ያሠጋናል፤ ደግሞም በሩ ተዘግቶ ሳለ ግልገል ማፍላት በተቀደደ ስልቻ እህል እንደ መጫን ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የዚያ ተከሳሽ ልጆች አሉ። በክረምቱ ሦስት ወራት ለአጥማጁ የሚበላውን ሳይሰጡ ወንዝ መዝጋት ሕጉን በረኀብተኛ ላይ መጫን ነው፤ እንዲህ ያለ ሕግም ሳይጣስ አይከርምም። ሽማግሌው እንዳሉት ሁሉም በአንድ ቀን እንዲተዉ ከተፈለገ፥ ከነርሱው መካከል የሚመረጡ የወንዝ ዘበኞች በክረምቱ ደመወዝ ቢቆረጥላቸው፥ ማኅበራቸውም ያን ጊዜ ቀረሶን ከወንዝ አፍ ርቆ በሐይቁ ውስጥ እንዲያጠምድ ቢረዳ፥ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ከባድ ወጪ አይመስለንም። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መኳንንትና ሹማምንት በዚያ አገር ሥልጣን ያላቸው ይኖራሉና፥ ነገሩን እንዲመለከቱት በትሕትና እናሳስባለን።

ለቤት እመቤቶችም አንድ ቃል አለን። ዓሣን በጾም የሚበላ አለ፤ የማይበላም አለ፤ ይህን ለሊቃውንት እንተወዋለን። የፍልሰታ ጾም ግን፥ ከነሐሴ 1 እስከ 15፥ ነጭ ዓሣ ወንዝ በሚወጣበት ወራት መካከል የሚውል ስለ ሆነ፥ በዚያን ጊዜ ዓሣ የምታሠራ ቤት ቀረሶን ወይም አምባዛን ብትገዛ መልካም ነው። ለወጥም ለጥብስም ለዱለትም ቀረሶ የሚያንስ አይደለም፤ አጥንቱም ከነጭ ዓሣ ስለሚቀል ለልጆች ይሻላል። በገበያ የተዘረጋው ነጭ ዓሣ ሆዱ ተነፍቶ ብታዩት ለሻጩ፥ «ይህን አልወስድም፥ በኅዳር አምጣልኝ» በሉት። ሻጩ የማይሸጠውን ለሁለተኛ ጊዜ አይጭንም።

ከጉማራ ድልድይ ልንነሣ ስንል ሽማግሌው፥ «ቸኵለው ካልሆነ አንድ ነገር ላሳይዎ» ብለው፥ ከመንገዱ ጥቂት ራቅ ወዳለች ትንሽ ገባር ወሰዱን። ውኃዋ ከትልቁ ወንዝ ይልቅ ጠርቶ ነበር። በድንጋዮች መካከል ባለች አንዲት ኩሬ አጠገብ ተንበርክከው፥ ፀሐዩ እንዳያብረቀርቅብን ባርኔጣቸውን በላይዋ ያዙልን። መጀመሪያ ጠጠር ብቻ ታየን። ዓይናችን ሲለምድ ግን፥ ከጣት ጥፍር የማይበልጡ፥ ጎናቸው ብር የመሰለ ግልገሎች ራሳቸውን ወደ ፈሳሹ አዙረው ቆመው አየን። ልንቈጥራቸው ጀምረን እስከ ሃያ ሦስት ደረስን፤ ከዚያ ሽማግሌው ባርኔጣውን ሲያነሡ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከድንጋይ ሥር ገቡ። ቤታችን ስንደርስ ልጃችን ስንት እንደ ሆኑ ደግማ ደጋግማ ጠየቀችን፤ እኛም ሃያ ሦስት አልናት።